ረጅም ንባብ የዲኤንኤ ሴኩዌንሲንግ ጎንደር ላይ ቢጀመር ከየትኛው በሽታ ይጀምር?

ቀሃ (የሞለኪውላር ባዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በክፍላችን ሴሚናር ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ክርክር ስላለ የእናንተን ሐሳብ ለመስማት ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ከፊሎቻችን ረጅም ንባብ ሴኩዌንሲንግ (የዲኤንኤን ፊደላት በረጃጅሙ የማንበብ ዘዴ) ለእኛ አቅም ገና ነው፣ በእጃችን ያለውን ፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን አባዝቶ የመመርመር ዘዴ) በወጉ ሳንሠራበት ወደ ሌላ መሣሪያ ማማተር አይገባንም አሉ፤ የቀረነው ደግሞ በጎንደርና በአካባቢዋ ከሚያጋጥሙን የምርመራ ችግሮች መካከል በአጭር ንባብ ከቶ የማይፈቱ መኖራቸውን ጠቅሰን ተከራከርን። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆኑት ባጭሩ ላስረዳ። የተለመደው የአጭር ንባብ ዘዴ ዲኤንኤውን ቆራርጦ በአንድ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያነብና ቁርጥራጮቹን በኮምፒውተር መልሶ ይገጣጥማል። ጥራቱ ከፍተኛ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጂኖሙ (የአንድ ሕያው ሙሉ ዲኤንኤ) ራሱን በሚደጋግምበት ቦታ ነው። አንድ ረጅም መዝሙር በብጣሽ ወረቀት ተቆራርጦ ቢሰጠን፣ አዝማቹ ብቻ የሰፈረበት ብጣሽ ከስንተኛው ስንኝ እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም፤ አዝማቹ ስንት ጊዜ እንደተደገመም ከብጣሾቹ መቁጠር አይቻልም። የሰው ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጠናቀቀ ተብሎ ሲታወጅ 8 በመቶ ያህሉ ሳይነበብ የቀረው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ክፍተቱ ተሞልቶ 3.055 ቢሊዮን ቤዝ ያለው ሙሉ ቅጂ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ክፍተቱን የሞሉት በዋናነት ሁለት ቴክኖሎጂዎች ናቸው። የፓክባዮው አንዱን የዲኤንኤ ቁራጭ ክብ አድርጎ ደጋግሞ በማንበብ፣ ከ15 እስከ 20 ሺህ ቤዝ የሚደርስ ርዝመት ወደ 99.9 በመቶ በሚጠጋ ትክክለኛነት ያወጣል። የኦክስፎርድ ናኖፖሩ ደግሞ የዲኤንኤውን ክር በፕሮቲን ቀዳዳ እያሳለፈ፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲለዋወጥ ከለውጡ ቤዙን ይለያል፤ ከ4 ሚሊዮን ቤዝ በላይ የሆነ አንድ ወጥ ንባብ እስከ ማውጣትም ተደርሷል። ሚንአየን የሚባለው የዚሁ ኩባንያ መሣሪያ 100 ግራም ያህል ቢመዝን ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ይሠራል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ይህ ቴክኖሎጂ እዚህ ሥራ ቢጀምር ቀድሞ ሊመለስበት የሚገባው የሕክምና ጥያቄ የትኛው ነው?

ማራኪ (መምህር፣ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ)፦

ጥያቄው ከመሣሪያው ሳይሆን ከበሽታው መነሣቱ ደስ አሰኝቶኛል። የእኔ መልስ ወባ ነው፤ ከወባም ውስጥ ተሕዋሲው ከፈጣን መመርመሪያ የሚያመልጥበት የጂን መጥፋት።

በየጤና ኬላው ስንጠቀምበት የቆየነው አርዲቲ (ፈጣን የደም መመርመሪያ ኪት) ፋልሲፓረምን (አደገኛውን የወባ ተሕዋሲ) የሚለየው ተሕዋሲው የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን በመያዝ ነው፤ ተመሳሳዩ ኤችአርፒ3ም በመጠኑ ይያዝለታል። ሁለቱም ጂኖች የጠፉበት ተሕዋሲ በሕመምተኛው ደም ውስጥ እያለ ኪቱ ነጻ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት በጂኖቹ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ኪት ሊታለፉ እንደሚችሉ አስልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ለመቀየር ያስቀመጠው ገደብ 5 በመቶ ነው። ከመተማና ከቋራ የሚመጣውን ሕመምተኛ የሚያይ ሁሉ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እስካሁን የጂኑን መጥፋት የምናረጋግጠው በአብዛኛው በፒሲአር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ፒሲአር ጂኑ የለም የሚለን ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ በጄል ላይ የሚያሳየው መስመር) ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ባንድ ግን ጂኑ ስለሌለ ብቻ ሳይሆን፣ ተሕዋሲው ጥቂት ስለሆነ፣ ናሙናው ስለተበላሸ ወይም ፕራይመሩ (ፒሲአሩን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) በሚያርፍበት ቦታ ላይ ለውጥ ስላለ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህም ሌሎች ነጠላ ቅጂ ያላቸውን ጂኖች ጎን ለጎን እየሠራን ጥርጣሬውን ለማጥበብ እንደክማለን። ረጅም ንባብ የማስረጃውን ዓይነት ራሱን ይለውጠዋል። ጂኑ ከጠፋበት ቦታ አልፎ የሚሄድ አንድ ወጥ ንባብ ሲገኝ፣ ክሮሞሶሙ የት ላይ እንደተቆረጠና በቦታው ምን እንደተተካ፣ ወይም ጫፉ እዚያው በቴሎሜር (በክሮሞሶም መዝጊያ ጫፍ) እንደተዘጋ ተነቦ ይታያል። ያኔ ካለመታየት ሳይሆን ከሚታይ ነገር ተነሥተን እንናገራለን።

ኤችአርፒ2 በክሮሞሶም 8፣ ኤችአርፒ3 በክሮሞሶም 13 ጫፍ አጠገብ ይገኛሉ። የክሮሞሶም ጫፎች ደግሞ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ቅደም ተከተሎች የሞሉባቸው ስለሆኑ ለአጭር ንባብ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው። በአንዳንድ ዝርያዎች፣ ከሱዳን የተገኘ አንዱን ጨምሮ፣ የክሮሞሶም 13 ጫፍ ጠፍቶ የክሮሞሶም 11 ጫፍ ቅጂ እንደተተካበት በረጅም ንባብ መረጋገጡን ልብ በሉ። ጎረቤት አገር ያለው ተሕዋሲ እንዲህ ከሆነ፣ በድንበር ወዲህ ያለው በዚሁ መንገድ ይሁን በሌላ ጂኑን የሚጥለው፣ ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው።

አዘዞ (ሐኪም፣ የሕፃናት ሕክምና)፦

መምህር ያነሡትን አልቃወምም። ሆኖም በተሕዋስያን ላይ ብቻ እንዳንቀር እሰጋለሁ። በእኛ ክፍል ምክንያቱ ሳይታወቅ ከዓመት ዓመት የሚመላለሱ ሕፃናት አሉ፤ ጡንቻው የሚዝለው፣ እድገቱ የተጓተተው፣ መናድ የማይለቀው። ወላጆች ከጠበል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል አዲስ አበባ፣ ከዚያም ተመልሰው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የምንሰጣቸው ስም እንኳ የለንም። ስም ማግኘት ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም፤ ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ የምትወስነውም ያንን ስም ይዛ ነው።

ረጅም ንባብ በትክክል የሚያስፈልግባቸው በሽታዎች በዚህ መስክ በርካታ ናቸው። በፍራጃይል ኤክስ (የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ የዘር በሽታ) ሲጂጂ የተባለው ሦስት ቤዝ ከ200 ጊዜ በላይ ይደጋገማል፤ አጭር ንባብ ከራሱ ርዝመት የበለጠውን ድግግሞሽ ሊቆጥር አይችልም። በአከርካሪ ጡንቻ መመንመን ደግሞ ኤስኤምኤን1 እና ኤስኤምኤን2 የሚባሉት ጂኖች ከጥቂት ቤዝ በስተቀር አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ አጭሩ ንባብ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይቸግራል። ናኖፖርና ፓክባዮ በዲኤንኤው ላይ ያለውን ሜቲሌሽንም (ጂንን ሊዘጋ የሚችል ኬሚካላዊ ምልክት) ያለ ተጨማሪ ኬሚካል ስለሚያነቡ፣ የፍራጃይል ኤክስ ጂን መዘጋት አለመዘጋቱ በዚያው ምርመራ ይታወቃል። በስታንፎርድ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ባወጣው ሥራ ከ12 ጽኑ ሕሙማን ለ5ቱ በናኖፖር ምርመራ ምክንያቱን ያገኘላቸው ሲሆን፣ አንዱን ጂኖም ለማንበብ የፈጀበት ጊዜ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ብቻ ነበር።

አንገረብ (ባዮኢንፎርማቲክስ)፦

ዶክተር፣ የጠቀሱት ውጤት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቡድን በአንድ ጊዜ 48 ፍሎው ሴል (የማንበቢያ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ተለዋጭ ክፍል) አሰልፎ፣ መረጃውን ወደ ደመና ኮምፒውተር እየላከ የሠራው ሥራ መሆኑን አብረን ማየት አለብን። የአንድ ሰው ጂኖም በ30 እጥፍ ሽፋን (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 30 ጊዜ) ሲነበብ የሚወጣው ጥሬ የሲግናል ፋይል በመቶዎች በሚቆጠር ጊጋባይት ይለካል፤ ሲግናሉን ወደ ቤዝ ለመቀየርም ጠንካራ ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል) ያስፈልጋል። ፍሎው ሴል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ መጓዝ አለበት፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ከውጭ ታዝዞ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያው ዕድሜው ላይ ይቀነሳል። አንድ የሚንአየን ሥራ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል መብራት ቢጠፋ የሚተካ ነገር ከጅምሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን በገንዘብ ይፈታል። የእኔ ዋና ስጋት ትርጓሜው ላይ ነው። በአንድ ጤነኛ ሰው ጂኖም ውስጥ ረጅም ንባብ ከ20 ሺህ በላይ የመዋቅር ለውጦችን ያሳያል፤ ቢያንስ 50 ቤዝ የሚሆን ቁራጭ የተጨመረበት፣ የጎደለበት ወይም የተገለበጠበት ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሕፃኑን ያሳመመው የትኛው እንደሆነ የምንለየው በጤነኞች ዘንድ የተለመደውን ለይተን ስናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመጀመሪያው የሰው ፓንጂኖም (የብዙ ሰዎችን ጂኖም አንድ ላይ የያዘ ማመሳከሪያ) ረቂቅ የ47 ሰዎችን ጂኖም አካቶ 119 ሚሊዮን ቤዝ በነባሩ ላይ ጨምሯል፤ ግሩም ጅምር ነው፤ የኢትዮጵያውያንን የዘረመል ስፋት ግን በዚያ መመዘን አይቻልም። የራሳችን ጤነኛ ሰዎች ጂኖም በበቂ ቁጥር ሳይነበብ በአንድ ሕፃን ላይ ያየነውን ለውጥ የበሽታው ምክንያት ነው ብንል፣ ለዚያች እናት የምንሰጣት ስም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ስም ደግሞ ከስም ማጣት ይከፋል።

አራዳ (የጤና መኮንን፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትትል)፦

በመሐል አንድ ነገር እንዳይደበላለቅ ልጠይቅ። ናኖፖርና ረጅም ንባብ አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መድኃኒት የተለማመደ ቲቢን ለመለየት የተመረጡ ጂኖችን በሴኩዌንሲንግ መመርመርን በመመሪያው ሲያካትት፣ ከተካተቱት አንዱ በናኖፖር የሚሠራ ነው። ነገር ግን ያ ምርመራ መጀመሪያ ጂኖቹን በፒሲአር አብዝቶ የሚያነብ ስለሆነ ጥቅሙ ከንባቡ ርዝመት ሳይሆን ከፍጥነቱና መሣሪያው ከመቅለሉ የሚመጣ ነው። ጂንኤክስፐርት (የቲቢ ፈጣን መመርመሪያ) በዋናነት ስለ ሪፋምፒሲን (ዋናው የቲቢ መድኃኒት) ሲነግረን፣ ይኸኛው ስለ ብዙ መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ፣ ካልቸርን (ተሕዋሲውን በላቦራቶሪ ማሳደግን) ሳንጠብቅ ይነግረናል። ለእኔ ሕሙማን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የረጅም ንባብ ድል ብዬ አልጠራውም፤ ገንዘብ ስንጠይቅም ሁለቱን ለይተን ብንጽፍ ይበጃል።

ማራኪ፦

የአራዳ ማሳሰቢያ ትክክል ነው፤ ርዝመቱ ራሱ መልስ የሆነበትን ጥያቄ እንምረጥ ማለቴም ለዚሁ ነው። ሌላው እንዲህ ያለ ጥያቄ ካላ-አዛር (ሌሽማኒያ በሚባል ተሕዋሲ የሚመጣ የውስጥ አካል በሽታ) ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው ታመው የሚመለሱ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይመጣሉ፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ደግሞ ታክመው ሲያገረሽባቸው እናያለን። የሚያገረሸው ተሕዋሲ መድኃኒቱን ተለማምዶ ነው ወይስ የሰውየው መከላከያ ስለደከመ? ይህን ለመለየት ጂኖሙን ማንበብ ይረዳል።

ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ 36 ክሮሞሶሞች አሉት። ከአብዛኞቹ ሕያዋን በተለየ እያንዳንዱን ጂን ለብቻው አያበራም፣ አያጠፋም፤ ጂኖቹ በረድፍ ተደርድረው አብረው ይገለበጣሉ። አንዱን ጂን ማብዛት ሲፈልግ ቅጂውን በረድፉ ላይ ይደጋግማል፤ አንዳንዴም ሙሉውን ክሮሞሶም ያባዛል። መድኃኒትን ከመቋቋም ጋር የተያያዙ ጂኖች ላይ ይህ ታይቷል። ተደጋግመው የተደረደሩ ቅጂዎችን አጭር ንባብ በግምት ነው የሚቆጥራቸው፤ ረጅም ንባብ ግን ከረድፉ ዳር እስከ ዳር አልፎ ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደተሰለፉ ያሳያል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተሕዋሲው ከሕመምተኛው ወጥቶ በካልቸር ሲያድግ የክሮሞሶሞቹን ቁጥር ቶሎ ይቀያይራል፤ ስለዚህ ከካልቸር የተነበበው በሕመምተኛው ውስጥ የነበረውን ላያሳይ ይችላል። በቀጥታ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና እንሥራ ብንል ደግሞ የሰው ዲኤንኤ ይበዛብናል።

አንገረብ፦

ለዚህ ናኖፖር ከፊል መፍትሔ አለው። ክሩ በቀዳዳው እያለፈ ሳለ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ቤዞች ተነበው የሰው መሆናቸው ከታወቀ፣ ሶፍትዌሩ የቀዳዳውን ቮልቴጅ ገልብጦ ክሩን ይመልሰውና ለሌላ ቦታ ያስለቅቃል። የተሕዋሲውን ድርሻ በብዙ እጥፍ ባያሳድገውም ከፍ ያደርገዋል። ለወባም ይሠራል፤ ነገር ግን የፋልሲፓረም ጂኖም 80 በመቶ ያህሉ ኤ እና ቲ ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ቤዝ ለረጅም ርቀት በሚደረደርበት ቦታ ናኖፖር ቁጥሩን ሊስት እንደሚችል አትርሱ። ለጂን መጥፋት ይህ ስሕተት አያሳስብም፤ የአንድ ቤዝ ለውጥ ለምንፈልግበት ጥያቄ ግን ያሳስባል።

አዘዞ፦

ስለ ትርጓሜው የተሰጠኝን መልስ አሰብኩበት፤ ክብደት ያለው ነው። እንግዲያውስ ሙሉ ጂኖሙን ትተን፣ ትርጓሜው አስቀድሞ የታወቀ አንድ የሰው ጂን ልጥቀስ፤ እርሱም ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው የጉበት ኤንዛይም ከዚህ ጂን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ቅጂ የተደገመባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው መጠን የተሰጠውን ኮዴይን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚቀይር ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል፤ የምታጠባ እናት ከሆነች አደጋው ለሕፃኑ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደው ይህን መረጃ አይቶ ነው። ትራማዶል ግን በዚሁ ኤንዛይም ወደ ብርቱው መልኩ እየተለወጠ ዛሬም በየዋርዱ ይታዘዛል።

ጂኑ በክሮሞሶም 22 ላይ፣ ከሚመስለውና ከማይሠራው ሲዋይፒ2ዲ7 ጎን ተቀምጧል። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ አጭር ንባብ ያደባልቃቸዋል፤ ቅጂው ተደግሟል ቢል እንኳ የተደገመው የሚሠራው ዓይነት ይሁን የማይሠራው አይናገርም። ለታካሚው ግን ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሚሠራው ከተደገመ መድኃኒቱ ይበረታበታል፣ የማይሠራው ከተደገመ ምንም አይጨምርም። ጂኑ ከ5 ሺህ ቤዝ ስለማይበልጥ አንድ ረጅም ንባብ ከነልዩነቶቹ ሙሉውን ይሸፍነዋል፤ ከእናት የመጣውን ከአባት ከመጣው ለይቶም ያሳያል። ይህ ከሚንአየን አቅም በላይ አይደለም።

አንገረብ፦

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ጠባብ ቦታ፣ ጥቂት መረጃ፣ የታወቀ ትርጓሜ።

ደምቢያ (የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት)፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትዬዋለሁ፤ ሁላችሁም ዲኤንኤው ረጅም ሆኖ በቱቦው ውስጥ የተቀመጠ አድርጋችሁ ነው የምትናገሩት። ከ50 ሺህ ቤዝ በላይ የሆነ ዲኤንኤ በእጅ አያያዝ ብቻ ይሰበራል። ለፒሲአር የለመድነው የኮለም ኪት ለአጭር ንባብ የሚበቃ ዲኤንኤ ይሰጣል፤ ክሩን ግን በማጣሪያው ሲያልፍ ይቆራርጠዋል። ለረጅም ንባብ ቮርቴክስ አይደረግም፤ ቱቦው ቀስ ተብሎ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም። የተለመደው የፒፔት ጫፍ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አፉ ሰፊ የሆነውን መጠቀም ግድ ነው፤ እርሱ ካልተገኘ የተለመደውን ጫፍ በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ ማስፋት ይቻላል። አልኮሉ ሲጨመር ጥሩ የወጣ ዲኤንኤ እንደ ነጭ የጥጥ ክር ተጠምጥሞ ይታያል፤ ሲያነሡትም ከጫፉ ጋር ተስቦ ይመጣል እንጂ አይበጠስም። ከዚያ በኋላ በቋቱ (በማሟሟቻው ፈሳሽ) ውስጥ እስኪሟሟ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል። ቸኩሎ ማሞቅና በፒፔት ደጋግሞ መምጠጥ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ጥሩው ዜና ይህ ሙያ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። መሣሪያው እስኪመጣ ሳንጠብቅ ዛሬ ልንለማመደው እንችላለን፤ የርዝመቱንም ውጤት በጄል ላይ ከሞላ ጎደል ማየት ይቻላል።

ቀሃ፦

እኅታችን ያነሡት ነጥብ ለእኔ አዲስ ነበር፤ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። በየፍሪዘሩ ከቀደሙ የወባ ጥናቶች የተረፉ ናሙናዎች አሉ፤ ከፊሉ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ደም፣ ከፊሉ በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ የቀዘቀዘ ነው። በእነዚህ የኤችአርፒውን ሥራ መጀመር ይቻል ይሆን?

ደምቢያ፦

በወረቀት ላይ ከደረቀው ደም ረጅም ዲኤንኤ አይጠበቅም፤ ክሩ በመድረቁና በመቆየቱ አስቀድሞ ተቆራርጧል። ለተመረጡ አጫጭር ቦታዎች ፒሲአር እየሠራን ብንጠቀምበት ይሻላል። የኢዲቲኤው ደም አንዴ ብቻ ቀዝቅዞ ከሆነ መሞከር ይገባዋል፤ ደጋግሞ ቀልጦ የቀዘቀዘ ከሆነ ግን ፍሎው ሴል አታባክኑበት። በመብራት መጥፋት ምክንያት የቀለጠ መሆን አለመሆኑን ከፍሪዘሩ የሙቀት መዝገብ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

ማራኪ፦

በዚህ ላይ የሥነ ምግባሩን ጉዳይ እጨምራለሁ። የድሮዎቹ ናሙናዎች ሲሰበሰቡ ሰዎቹ የፈረሙት ለተሕዋሲው ምርመራ ከሆነ፣ የደሙ አብዛኛው ዲኤንኤ የሰው ስለሆነ ሚንአየኑ የእነርሱንም ጂኖም ሳንፈልገው ያነባል። የተመለሰው ክር ሳይቀር የመጀመሪያ ቤዞቹ በፋይሉ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ የሰውን ንባብ ወዲያው ለይቶ የሚሰርዝ አሠራር በፕሮቶኮሉ ውስጥ ተጽፎ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው መቅረብ ይኖርበታል። ለአዲሶቹ ናሙናዎች ደግሞ የስምምነት ቅጹ ይህን በግልጽ አማርኛ ይንገራቸው። የቅጹን ረቂቅ እኔ አዘጋጅቼ እዚሁ አስቀምጣለሁ፤ ዶክተር አዘዞ ስለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚለውን ክፍል ቢጽፉልኝ፣ አንገረብም የሰው ንባብ እንዴት እንደሚሰረዝ በሁለት አንቀጽ ቢያስረዳልኝ አንድ ላይ አድርገን እናቀርበዋለን።

አዘዞ፦

የእኔን ክፍል እስከ ዓርብ አደርሳለሁ።